ለልጆች የተፈቀደው የአንጎል ዕጢ መድኃኒት በስንት ልጆች ላይ ተሞከረ?

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም ዶርዳቪፕሮን ለተባለ መድኃኒት የተፋጠነ ፈቃድ ሰጥቷል። መድኃኒቱ የተፈቀደው በአንጎል መካከለኛ ክፍሎች ለሚነሣና ኤች 3 ኬ 27 ኤም የተባለ የዘረመል ለውጥ ላለበት አደገኛ ዕጢ ነው። ቀደም ሲል ታክመው በሽታው የተባባሰባቸው፣ ዕድሜያቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕሙማን ሊወስዱት ይችላሉ።

ይህን የሰማ ወላጅ የልጆች የአንጎል ካንሰር መድኃኒት ተገኘለት ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። ፈቃዱ የቆመበት ማስረጃ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ውጤቱ የተመዘነው በአምስት ጥናቶች ውስጥ ከታከሙ ሰዎች መካከል መስፈርቱን ባሟሉ 50 ሕሙማን ላይ ነው። ዕጢያቸው በሚለካ መጠን የቀነሰላቸው 22 በመቶ፣ ማለትም 11 ሰዎች ሲሆኑ፣ ለውጡ ከእነዚህ ለግማሽ ያህሉ ከ10 ወራት በላይ ቆይቷል። ከ50ዎቹ መካከል ልጆች የነበሩት አራት ብቻ ናቸው። ዕጢው ፖንስ በሚባለው የአንጎል ግንድ ክፍል ላይ የወጣባቸው ሕሙማን ደግሞ ከምዘናው ውጭ ነበሩ። ልጆችን በብዛት የሚያጠቃው ግን ይኸው የአንጎል ግንድ ዕጢ ነው። በደጋ የተሞከረ ዘር በቆላም ያፈራል ተብሎ በጭፍን እንደማይዘራ ገበሬ ያውቃል፤ ሐኪሞችም ቁጥሩን በዚሁ ጥንቃቄ ነው የሚያነቡት።

ማስረጃው ለምን እንዲህ ሳሳ? አንደኛው ምክንያት የሕሙማኑ ማነስ ነው። በመላው አሜሪካ በአንጎል ግንድ ዕጢ የሚያዙ ልጆች በዓመት 300 ገደማ ቢሆኑ ነው። አብዛኞቹም በሽታው በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። ዓይን ሲንሸዋረር ወይም አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ፣ የፊት አንዱ ወገን ሲዝል፣ አረማመድ ሲወላገድ ምልክቱ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ዕጢው እስትንፋስንና የልብ ምትን ከሚመራው ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ ስለሚያድግ በቀዶ ጥገና ማውጣት አይቻልም። ወደ ጨረቃ የተጓዘው የኒል አርምስትሮንግ ልጅ ካረን በዚህ በሽታ የሞተችው በሁለት ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ በ1962 ነበር። ያኔ የተሰጣት ሕክምና ጨረር ነበር፤ ዛሬም ዋናው ሕክምና ጨረር ነው።

ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት ከዚህ ስፍራ ናሙና መውሰድን ይፈሩ ስለነበር የበሽታው ባሕርይ ሳይታወቅ ቆየ። በሩን ከከፈቱት መካከል ልጆቻቸውን በሞት ያጡና ዕጢው ከአስከሬን ተወስዶ እንዲመረመር የፈቀዱ ወላጆች ይገኙበታል። ለተመራማሪ ከዚህ የከበደ ስጦታ ያለ አይመስልም። የዘረመል ለውጡም እ.ኤ.አ በ2012 ተለይቶ ታወቀ።

ሌላ መንገድም እየተሞከረ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሼል ሞንጄ ቡድን ከሕሙማኑ ደም የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን ወስዶ፣ ዕጢውን እንዲለዩ በዘረመል ለውጦ መልሶ ይሰጣል። እ.ኤ.አ በ2024 በወጣው ውጤት ሕክምናውን ካገኙ 11 ሰዎች ዘጠኙ ጥቅም ታይቶባቸዋል፤ የአንዱ ዕጢ ፈጽሞ ጠፍቷል። ሕክምናው ግን በአንጎል ውስጥ እብጠት ስለሚያስከትል የቅርብ ክትትል ይሻል። የአንዱ ሰው መዳን ትልቅ ተስፋ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ግን አሁንም አሥራ አንድ ሰው ነው።

የተፋጠነ ፈቃድ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። አምራቹ ጥቅሙን በሌላ ሙከራ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህም ሙከራ ተጀምሯል። አዲስ የታወቀባቸው ሕሙማን ከጨረር በኋላ በዕጣ ተከፍለው፣ ከፊሎቹ መድኃኒቱን፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ እንክብል ይወስዳሉ። ልጁ የጥቂት ወራት ዕድሜ እንደቀረው ለተነገረው ወላጅ በዚህ ዕጣ መስማማት መራራ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች ካልተነጻጸሩ፣ አንድ ልጅ ጥቂት ወራት ቢጨምር ከመድኃኒቱ ይሁን ከጨረሩ ወይም ከዕጢው ዝግታ መለየት አይቻልም። ሙከራው ጥቅሙን ሳያረጋግጥ ከቀረ ፈቃዱ ሊነሣ ይችላል።