ኮሌጁ የተዘጋበት ቡድን

ሜይ 31 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) በአላባማ ይገኝ የነበረው በርሚንግሃም ሰዘርን ኮሌጅ ለዘለቄታው ተዘጋ። በዚያው ዕለት የኮሌጁ የቤዝቦል ቡድን ኦሃዮ ውስጥ ኢስትሌክ በተባለች ከተማ፣ ለሦስተኛው ዲቪዚዮን የፍጻሜ ውድድር ካለፉት ስምንት ቡድኖች አንዱ ሆኖ ይጫወት ነበር። ኮሌጅ የሌለው የኮሌጅ ቡድን መሆኑ ነው። የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ወሬውን ተቀባበሉት፤ ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔም የጨዋታው ሕግ እስከ ዛሬ በቅጡ ሳይገባኝ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ።

ይሁን እንጂ ጭብጨባው አንድ ጥያቄ ጋርዶብናል። ለመሆኑ ኮሌጁን ማን ዘጋው?

ታሪኩ እስከ 1856 የሚመዘዝ፣ ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር የተቆራኘ የግል ተቋም ነበር። በ2000ዎቹ ዓመታት አስተዳዳሪዎቹ በብድር ሕንፃ አቆሙ፤ በ2010 ከባድ የሂሳብ ስሕተት ተገልጦ መምህራንና ሠራተኞች ተቀነሱ። ከዚያ ወዲህ ተቋሙ አላገገመም፤ የተማሪውም ቁጥር ተመናመነ። በ2023 የአላባማ ምክር ቤት ለተቸገሩ ኮሌጆች ብድር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ኮሌጁም 30 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የግዛቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። ፍርድ ቤት ተሞከረ፤ አልተሳካም። ሕጉን ለማሻሻል ተሞከረ፤ በቂ ድጋፍ አላገኘም። ማርች 26 ቀን 2024 የኮሌጁ ቦርድ እንዲዘጋ ወሰነ።

ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በግምጃ ቤቱ ኃላፊ ላይ ነው። እኔ አልስማማም። የሕዝብ ገንዘብ የተሰጠው ሰው፣ ተበዳሪው መክፈል ይችላል ወይ ብሎ መጠየቁ ነውር የለበትም። ነውሩ፣ ይህንኑ ኮሌጅ እያሰቡ ሕግ አውጥተው ውሳኔውን ለአንድ ሹም ትከሻ የተዉት እንደራሴዎች ዘንድ ነው። ከእነርሱም በላይ ደግሞ፣ ሪባን ሲቆረጥ ፎቶግራፍ ተነሥተው ዕዳው ሲመጣ በቦታው ያልተገኙት አስተዳዳሪዎች ዘንድ ነው። መምህር ነኝና፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ የተበተነ ተማሪ ያለፈባቸው ኮርሶች በሌላ ተቋም ሲመዘኑ ምን ያህሉ እንደሚባክንበት አውቃለሁ። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼም፣ ልጃችሁን ወደ አንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ከመላካችሁ በፊት የግቢውን ውበት አይታችሁ አትመለሱ፤ ስለ ዕዳው ጠይቁ።

ተጫዋቾቹስ? በሦስተኛው ዲቪዚዮን ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድል የለም፤ የሚጫወቱት ወድደው ነው። የመዘጋቱ ውሳኔ የመጣው በውድድሩ ወራት መካከል ቢሆንም፣ ቀሪውን ለመጨረስ ቆረጡ፤ በመጨረሻም ዴኒሰንን በገዛ ሜዳው ረትተው ኢስትሌክ ገቡ። ኮሌጁ በተዘጋበት ዕለት በሳልቭ ሬጂና 7 ለ 5 ተሸነፉ። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ የሚሰናበትበት ውድድር ነውና በማግስቱ ራንዶልፍ ሜከንን ማሸነፍ ነበረባቸው፤ 7 ለ 7 እያሉ በመጨረሻዋ ምት ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ሰድደው 9 ለ 7 ወጡ። ጁን 2 ቀን ግን ዊስኮንሲን ዋይትዋተር በመጨረሻው ዙር 11 ለ 10 አሸነፋቸው።

ሌላው ተሸናፊ ቡድን «ለከርሞ» እያለ ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። እነርሱ ከርሞም፣ ኮሌጅም አልነበራቸውም።