ቡራዩ ተቀምጦ የባሕር ማዶ ደመወዝ

በቀድሞው መናገሻ አውራጃ የነበሩት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለብዙ ዓመታት የሚታወቁት ሰው በማለዳ ወጥቶ በምሽት የሚገባባቸው ከተሞች በመሆናቸው ነው። ቤቱ እዚያ፣ ሥራው አዲስ አበባ ነው። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉም በኋላ ይህ የማለዳ ጉዞ አልቀረም። ይሁን እንጂ ዛሬ የታክሲ ሰልፍ የማይዝ፣ አሠሪው ግን ከአዲስ አበባ እጅግ የራቀ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ አለ። ይኸውም ከቤቱ ሳይወጣ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት አማካይነት ለባሕር ማዶ አሠሪ የሚሠራው ወጣት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሠራተኛ በሕጋችን ፊት ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር አስበናል።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሶፊያ በምትባለው በሆንግ ኮንግ በተሠራችው ሮቦት የኮምፒዩተር ሥራ ላይ አዲስ አበባ ያለው የአይኮግ ላብስ ድርጅት ወጣቶች መካፈላቸው የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው ገበያ የተባለው ድርጅትም የአፍሪካን ባለሙያዎች ከአሠሪዎች ጋር ማገናኘትን ሥራው አድርጎ ተነሥቷል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ሙያ ለማሠልጠን መርሐ ግብር ዘርግቷል። እንግዲህ ከሚሠለጥኑት መካከል ብዙዎቹ ዐይናቸውን ወደ ውጭ አሠሪ ማቅናታቸው አይቀርም።

አሁን አንዲት ወጣት በቡራዩ ተቀምጣ ለአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ትሠራለች እንበል። በክረምታቸው ጊዜ እዚያ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጎረቤቷ ከሥራ ሲመለስ እሷ ሥራ ትጀምራለች፤ የምትጨርሰውም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አሠሪዋ በሳን ፍራንሲስኮ ቢሆን ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገብታ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትወጣለች። ደመወዟ ከእኩዮቿ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ብትታመም፣ ብትወልድ፣ ወይም አንድ ቀን ያለ ምክንያት «ከነገ ጀምሮ አንፈልግሽም» የሚል መልእክት ቢደርሳት ወዴት አቤት ትላለች?

አንዳንዶች «ለውጭ አገር ሰው መሥራት ዛሬ የመጣ አይደለም» ይሉናል። እውነት ነው። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት የጀመረው ኤች. ቪ. ኤ. የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ተሰብስበው ማኅበር አቆሙ፤ በ1956 ዓ.ም. ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ሲወጣም ሕጉ ኩባንያውን ሊይዘው ቻለ። ምክንያቱም ባለቤቱ የባሕር ማዶ ሰው ቢሆንም ሸንኮራው፣ ፋብሪካውና የደመወዝ መክፈያው ጠረጴዛ እዚሁ አዋሽ ዳር ነበሩ። የዛሬው አሠሪ ግን በአገራችን ጽሕፈት ቤትም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ገንዘብ ቤትም የለውም። እዚህ ያለው ሠራተኛው ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሕጎቻችንን ብንመለከት በአንድ ወገን ለሥራ ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ዜጎች አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ። በሌላ ወገን በአገር ውስጥ ለሚሠሩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ የሥራን ልክ ወስኗል፤ ለወላድም 120 ቀን ፈቃድ ከነክፍያው ሰጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ደግሞ የግል ድርጅት አሠሪ ለሠራተኛው ጡረታ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። የቡራዩዋ ወጣት ግን ከአገር አልወጣችምና የፊተኛው አይመለከታትም፤ አሠሪዋ እዚህ የለምና የኋለኞቹን የሚፈጽምላት አይገኝም። ውጭ እንዳለች እንዳትቈጠር እዚህ ናት፤ እዚህ እንዳለች እንዳትቈጠር አሠሪዋ ውጭ ነው።

ግዴታዋስ? ግዴታዋ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ገቢውን ከየትም ያግኝ ከየት ግብር ይከፍላል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ በወር ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ይታሰባል። በአገር ውስጥ ግን ይህን ቆርጦ የሚያስገባው አሠሪው ነው። እዚህ ቆራጭ የለም። ወጣቷ ራሷ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ብትሄድ መጀመሪያ የሚገጥማት ጥያቄ «ተቀጣሪ ነሽ ወይስ ነጋዴ?» የሚል ነው። አሠሪዋ በውሉ ላይ «ነጻ ባለሙያ» ብሎ ጽፏታል፤ ሰዓቷን የሚወስነው፣ ሥራዋን የሚቆጣጠረው ግን እሱ ነው።

በአንድ ነገር መንገዱ ተጠርጓል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ሲለወጥ ደመወዙን በውጭ ገንዘብ የሚያገኝ ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ተፈቅዷል። ገንዘቡ በሕጋዊ በር እንዲገባ ታስቧል ማለት ነው። ገንዘቡን ለመቀበል በር ከተከፈተ፣ ገንዘቡን ለምታመጣው ሠራተኛ ለምን አይከፈትም?

«ዝም ብላችሁ ተዉት፤ ሕግ ሲነካው ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አንልም። በባዕድ አገር ያለውን አሠሪ በግድ ጡረታ ክፈል ብንለው ሥራውን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። እኛ የምንለው ግን አሠሪውን እናሳድድ አይደለም፤ ሠራተኛውን እንወቀው ነው። ይህም አዲስ አሳብ አይደለም፤ የሥራ ሕጋችን ሰው በቤቱ ወይም በመረጠው ስፍራ ሆኖ ያለ አሠሪው የቅርብ ተቆጣጣሪነት ለሚሠራው ሥራ የተለየ ውል ያውቃል፤ ከአዋጁ የትኞቹ ድንጋጌዎች እንደሚጸኑለት በመመሪያ እንዲወሰንም ፈቅዷል። ከዚህ በር ተነሥቶ አንድ መዝገብ ማቋቋም፣ የግብሩን አከፋፈል ማቅለል፣ ሠራተኛው ራሱ ለጡረታው የሚያዋጣበትን ዘዴ ማዘጋጀት የሚከብድ አይመስለንም።

እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜ አልሆነንምና ለእኩዮቻችን የምንለው አለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። ስንብቱ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ነው? ክርክር ቢነሣ የማን አገር ዳኛ ያያል? በ2012 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት ቢቋረጥ ኪሣራው የማን ነው? ከደመወዛችሁም ለሽምግልናችሁ ማስቀመጥን ዛሬ ጀምሩ፤ ሌላ የሚያስቀምጥላችሁ የለምና።

በየጽሕፈት ቤቱ ለተቀመጣችሁት ወጣት ሹማምንት ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ነገ አንዲት ወጣት በሱሉልታ ወይም በሰበታ ወደ መስኮታችሁ ቀርባ «ግብር ልከፍል መጣሁ፤ አሠሪዬ ግን እዚህ የለም» ትላችኋለች። «ቅጽ የለንም» ብላችሁ የመለሳችኋት እንደ ሆነ ሁለተኛ አትመጣም፤ መንግሥት ግብሯን፣ እሷም የመንግሥትን ጥበቃ ታጣለች። አገሯን ሳትለቅ የዓለምን ሥራ የያዘችን ልጅ ቢያንስ በመዝገባችን ላይ ስሟን ልናገኘው ይገባል።