ስንጥቁን የሚያሳየን ወዳጅ



ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን ብዙዎቻችሁ በሸክላ ሥራዋ ታውቋታላችሁ። ሸክላ መግዛት የምታውቅ እናት ድስቱን አንሥታ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ድምፁ ጥርት ካለ ደኅና ነው፤ ከታፈነ ግን የተሰወረ ስንጥቅ አለበት። ስንጥቁ ገበያ ላይ ቢታወቅ ይሻላል። እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ ከሆነ ድስቱም ወጡም ይጠፋል።

ይህን ያነሣሁት የአንድ ሊቅ ታሪክ ስላሳሰበኝ ነው። አልበርት አንስታይን በ1914 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአንጻራዊነት (ሪላቲቪቲ) ንድፈ ሐሳቡን ወደ ስበት ኃይል ያሰፋበትን ጽሑፍ አወጣ። በ1915 መጀመሪያ በጣሊያን፣ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሂሳብ ሊቅ ቱሊዮ ሌቪ-ቺቪታ ከማረጋገጫዎቹ አንዱ ጉድለት እንዳለበት ጻፈለት። ይህ ሰው ተራ ነቃፊ አልነበረም፤ አንስታይን የተጠቀመበትን የሂሳብ ስልት ከመምህሩ ከሪቺ ጋር ያደረጀ ነው። አንስታይን በመጀመሪያ ተከራከረ፤ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ተጻጻፉ። ነገር ግን አልተቀየመም፤ ሥራውን በጥንቃቄ ስለ መረመረለት አመሰገነው። በመጨረሻም ማረጋገጫው ያልተሟላ መሆኑን አመነ። የሜርኩሪ ፕላኔት ጉዞም ከስሌቱ ጋር አልገጥም ብሎት ነበርና፣ በኖቬምበር 1915 የቀድሞውን ቀመር ትቶ ዛሬ የሚታወቀውን አገኘ።

በቤቱ ግን እንዲህ አልነበረም። በጁላይ 1914 በበርሊን ሳሉ ለሚስቱ ለሚሌቫ አብሮ ለመኖር የሚፈልጋቸውን ግዴታዎች ጽፎ ሰጣት። አንዱ እርሱ በጠየቃት ጊዜ ንግግሯን እንድታቆም የሚያዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ይዛ ወደ ዙሪክ ተመለሰች፤ በ1919 ተፋቱ። የሩቁን ሰው እርማት በምስጋና የተቀበለው ሊቅ የቤቱን ድምፅ ዝም አሰኘ።

እኛስ? የሽማግሌን ምክር አንገታችንን ደፍተን እየሰማን፣ የትዳር ጓደኛችን ስለ ገንዘቡ ወይም ስለ ልጆቹ ስታነሣ ወይም ሲያነሣ ፊታችን አይጠቁርም? ምሳሌ 27፥6ን አብራችሁ አንብቡ። የሚወድደን ሰው ቢያሳምመንም የታመነ ነው።

ለሚያርመውም ትምህርት አለው። ሌቪ-ቺቪታ የጻፈው ለራሱ ለባለቤቱ ነው፤ የነካውም የተሳሳተውን ስፍራ እንጂ ሰውየውን አይደለም። እኛ ግን ስንቴ ስንጥቁን ለጎረቤት አሳይተናል? ስንቴስ አንዱን ጥፋት ይዘን የዐሥር ዓመት ቂም አውጥተናል?

በዚህ ሳምንት ልጆች ከተኙ በኋላ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ «ያላየሁት ስንጥቄ የቱ ነው?» መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ፤ አመስግኑ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

ጌታ የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።