ላም አለን በሰማይ

በአገራችን ሕግ መሠረት አንድ ሰው ጥናቱን ጽፎ ብዕሩን ሲያስቀምጥ ጽሑፉ የራሱ ንብረት ይሆናል። ማመልከቻ ማስገባት ወይም ማኅተም ማስመታት አያስፈልገውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ መብት ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅለት ደንግጓል። በወረቀት ላይ ሲታይ እንግዲህ ደራሲ ባለ ርስት ነው።

ነገር ግን ይህ ርስት በምን አኳኋን ከእጅ እንደሚወጣ አስተውለን እናውቃለን? ተመራማሪው ከሕዝብ በተገኘ ገንዘብ ያጠናል። ጽሑፉን ለአንድ የውጭ መጽሔት ይልካል። የሚመረምሩለትም የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዋጋ ይሠራሉ። ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ አንድ ቅጽ ይመጣለታል፤ በቅጹም ላይ የቅጅ መብቱን ለአሳታሚው ማስተላለፉን የሚገልጽ ቃል አለበት። ደራሲው ስሙ በመጽሔት ሊወጣ ነውና በደስታ ይፈርማል። ስሙ ይቀርለታል፤ ጽሑፉን የማባዛትና የማሠራጨት መብቱ ግን ሄደ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ቤታችን የራሳችንን መምህር ሥራ ለማግኘት ወይ ይከፍላል፣ ወይ ይለምናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህን ችግር የተመለከቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 በቡዳፔስት ስም በሚጠራው መግለጫ፣ የምርምር ጽሑፍ ለማንኛውም አንባቢ ያለ ክፍያ ክፍት እንዲሆን ጥሪ አድርገዋል። ሁለት መንገድም አመልክተዋል፤ አንደኛው ለሁሉ ክፍት በሆኑ መጽሔቶች ማሳተም ሲሆን፣ ሁለተኛው ደራሲው የጽሑፉን ቅጅ በዩኒቨርስቲው የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ማስቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ መልካም ቢሆንም ወጥመድ አለበት። አንዳንድ አሳታሚዎች ከአንባቢው ይወስዱት የነበረውን ገንዘብ ከደራሲው መጠየቅ ጀምረዋል። ኔቸር የተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ጽሑፍ ክፍት ለማድረግ 9,500 ኤውሮ እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ለድሆች አገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚምሩ አሳታሚዎች እንዳሉ አንክድም። ሆኖም ምሕረት መብት አይደለም፤ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይነሣል። የባንግላዴሽ ነገር ምስክር ነው። ሂናሪ በሚባለውና በዓለም የጤና ድርጅት በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 በተጀመረው ፕሮግራም የዚያ አገር ሐኪሞች መጽሔቶችን ያነቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ግን አሳታሚዎች ከሁለት ሺህ በላይ መጽሔቶችን ዘጉባቸው። የተመለሰላቸውም ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ ነው።

ስለዚህ እኛ የምናምነው በሁለተኛው መንገድ ነው። ይህ መንገድ ገንዘብ የማይጠይቀው ደራሲው ከመፈረሙ በፊት ለራሱ ትንሽ መብት ካስቀረ ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ የአርትና የሳይንስ ፋኩልቲ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2008 ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ጽሑፎቻቸውን ዩኒቨርስቲው በነፃ እንዲያሠራጭ አስቀድመው በድምፅ ፈቀዱለት። አንድ ደራሲ ብቻውን ከአሳታሚ ጋር ቢከራከር ይፈራል፤ ፋኩልቲው በሙሉ ከቆመ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሆናል።

በአገራችንም ቢሆን ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በጊዜው የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርስቲ ጥናቶችና የመመረቂያ ጽሑፎች በማከማቻ ገብተው ለሁሉ ክፍት እንዲሆኑ አዟል። ነገር ግን መብቱን አስቀድሞ በፊርማው አሳልፎ የሰጠ ደራሲ ምን ያስገባል? ፖሊሲው ፍሬ የሚያፈራው ብዕሩን በያዘው እጅ ነው።

«ጽሑፌን ክፍት ባደርገው ይሰረቅብኛል» የሚሉ አሉ። እኛ ግን የሚመስለን ተቃራኒው ነው። በመሳቢያ የተቆለፈ ጽሑፍ ቢሰረቅ ማን ያውቃል? ቀንና ስም ይዞ በአደባባይ የተቀመጠውን ግን የሰረቀ ሰው ሺህ ምስክር ይነሣበታል። ደግሞም ክፍት ማድረግ ስምን መተው አይደለም፤ ደራሲው የጽሑፉ ባለቤት ተብሎ የመጠራት መብቱ እንደ ተጠበቀ ነው። «አሳታሚውስ አልደከመም ወይ?» ለሚሉትም፣ ደክሟል፤ ለድካሙም ዋጋ ይገባዋል እንላለን። የድካም ዋጋ ግን ርስት መንጠቅ አይደለም።

እንግዲህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲሠራ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ፋኩልቲዎቻችን በአሳታሚ ውል ላይ የሚጨመር፣ ቅጅ የማስቀመጥን መብት ለደራሲው የሚያስቀር አንድ አጭር አንቀጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲያዘጋጁ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ መምህራን አሳታሚው አስጊጦ ያወጣውን ባይችሉ እንኳ ተቀባይነት ያገኘውን የእጅ ጽሑፋቸውን በማከማቻ እንዲያስገቡ ይለምን። ሦስተኛ፣ እኛው ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋችን እንዲነበብ እንፍቀድ፤ ከመምህሮቻችን የምንጠይቀውን ራሳችን ካልሰጠን ጥያቄያችን ከንቱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ያ ቅጽ ይደርሰው ይሆናል። ከመፈረሙ በፊት ያንብበው።