የቀልድ ሥዕል እንጀራ ይሆናልን?

አንባቢ ሆይ፤ መጽሔት እጅህ ሲገባ ከሁሉ አስቀድመህ የምትፈልገው ገጽ የትኛው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ርእሰ አንቀጹን አይደለም። ይህንንም ዓምድ አይደለም፤ አልቀየምህም። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ሥዕልና ከሥርዋ የተጻፈችውን አንዲት መስመር ነው። አይተህ ትስቃለህ፤ ገጹንም ትገልጣለህ። አምስት ሰኮንድ እንኳ አልፈጀብህም።

ነገሩን ያስነሣብኝ በቱሉ ዲምቱ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ያገኘሁት አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ማለዳ ነበር። ወደ አዳማው የፍጥነት መንገድ የሚገቡት መኪናዎች እየተፈተለኩ ሲያልፉ፣ ወደ መሐል ከተማ የምንሄደው እኛ እንደ ልማዳችን ቆመን እንጠብቃለን። ወጣቱ በተበላሸ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይሥላል። አጮልቄ አየሁበት። በመስኮት ውስጥ የተቀመጠ ጸሐፊ «ነገ ይምጡ» ይላል፤ ከመስኮቱ ፊት አንድ ሽማግሌ ፍራሻቸውን አንጥፈው ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። ከሥሩ «እንግዲያስ ነገን እዚሁ ልጠብቀው» ተብሎ ተጽፏል።

ሣቅሁ። እሱ ግን አልሣቀም። «ጋሼ፣ ሥራዬን ለቅቄ በዚህ ብተዳደርስ?» አለኝ። ከልቡ እንደ ጠየቀኝ ከፊቱ ስላወቅሁ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ የነገርሁትን ለአንተም እደግመዋለሁ፤ በመሳቢያህ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ይኖርሃል ብዬ እጠረጥራለሁና።

ይህ ዓይነቱ ሥዕል ከቅኔያችን ጋር ዝምድና አለው። ሥዕሉ ብቻውን ሰም ነው፤ ሽማግሌ ሊተኙ ነው። ጽሕፈቱም ብቻውን አያስቅም። ወርቁ የሚወጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። በአገራችን ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ በኋላ በወጡት ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ ካርቱን ይበልጥ የታወቀው በፖለቲካ ገጽ ነው። ፖለቲካ የሌለባት፣ የሰውን የዕለት ኑሮ የምትነካ የአንዲት ሣጥን ቀልድ ትልቁ ገበያዋ ኒው ዮርክ ነበረ። (የዚያን አገር ዘመን በአውሮጳውያን አቆጣጠር እሰጥሃለሁ።)

በ1950ዎቹ በዚያ ከተማ የቀልድ ሠዓሊዎች በሳምንት አንድ ቀን የእርሳስ ንድፋቸውን በብብታቸው ይዘው ከመጽሔት ወደ መጽሔት ይዞሩ ነበር። መጀመሪያ ደኅና ከሚከፍለው ዘንድ፤ ለምሳሌ በ1925 ከተመሠረተው ከኒው ዮርከር። እዚያ ያልተገዛው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከዚያም ያነሰ ወደሚከፍለው። አዘጋጁ ንድፎቹን አንድ በአንድ ይገልጣል፤ ሠዓሊውም ፊት ለፊት ተቀምጦ የአዘጋጁን ከንፈር ይጠብቃል። በሩቅ ያለውም በፖስታ ይልካል፤ መመለሻ የሚሆን ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ጨምሮ። ቀልድ ያለቀበት ሠዓሊ ደግሞ ሐሳቡን ከሌላ ሰው ይቀበላል፤ ሥዕሉ ሲሸጥ ከዋጋው ሩቡ የሐሳቡ ባለቤት ነው።

ለኒው ዮርከር የሚሥሉት በየሳምንቱ ዐሥር ያህል ንድፍ ማቅረብን ልማድ አድርገውታል። ከዐሥሩ አንዱ ከተገዛ ደግ ሳምንት ነው። ቦብ ማንኮፍ የሚባለው ሠዓሊ ከ1974 እስከ 1977 ድረስ ወደ ሁለት ሺህ ንድፍ ልኮ ሁሉም ተመልሶበታል። በ1977 አንዱ ተገዛለት። ያው ሰው ከ1997 እስከ 2017 የዚያው መጽሔት የካርቱን አዘጋጅ ሆኖ የሌሎቹን ሲመልስ ኖረ። ይህስ ራሱ ሥዕል አይወጣውምን?

ከሁሉ ይልቅ የምወድደው ግን የጄምስ ተርበርን ታሪክ ነው። በልጅነቱ ወንድሙ በጨዋታ በቀስት አንድ ዓይኑን አጠፋው። በመጽሔቱ ቢሮ እየሠራ፣ ሥዕሉን እየሞነጫጨረ ይጥለው ነበር። የቢሮ ባልንጀራው ኢ. ቢ. ዋይት የተጣለውን አንሥቶ ለአዘጋጆቹ አቀረበለት። ሥዕሉ በዐለት ላይ የተቀመጠ አቆስጣ ነው፤ ይኸውም ጢማም የባሕር አውሬ። አዘጋጁ፣ የአቆስጣ ጢም እንዲህ ነው ብሎ ራሱ ሥሎ መለሰው። ዋይትም የተርበር አቆስጣ ጢም ግን ይህ ነው ብሎ እንደ ገና ላከው። እንደ ገና ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተርበር ያንኑ አቆስጣ ሊሥል ሲነሣ ዐለቱ አልሆንለት ብሎ የአልጋ ራስጌ መሰለበት። እንግዲያስ አልጋ ይሁን ብሎ ከሥር ባልና ሚስት አስተኛ፤ ባል የአቆስጣ ጩኸት ሰማሁ ይላል፣ ሚስት አላምን ብላ ትነዘንዘዋለች፣ አቆስጣውም ከራሳቸው በላይ ቁጭ ብሏል። በ1932 ታተመ፤ ከሥራዎቹም ሁሉ እጅግ የታወቀው እሱ ሆነ።

የገበያው መጨረሻ ግን አላማረም። ኮሊየርስ በ1957 ተዘጋ፤ ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት በ1969 ኅትመቱ ተቋረጠ። በየሳምንቱ በየደጁ ይዞር የነበረው ሠዓሊ የሚያንኳኳው በር አነሰበት።

ስለዚህ ወጣቱን «ሥራህን አትልቀቅ» አልሁት። ፊቱ ጠቆረ። ደመወዙን ብቻ አስቤ አይደለም። ያ መስኮት፣ ያ ማኅተም፣ ያ «ነገ ይምጡ» የሚገኘው ከዚያው ከተቀመጠበት ወንበር ነው፤ ተርበርም የሞነጫጨረው በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ይልቅስ በየሳምንቱ ዐሥር ሥራ። በመንግሥት ቅጽ ላይ ግን አይሁን» አልሁት። አውቶቡሱ መጣ፤ እሱ ቦታ አገኘ፣ እኔ ቆሜ ሄድሁ።

በሚከተለው ሰኞ ከዚያው ሰልፍ ላይ አገኘሁት። በገዛ ገንዘቡ ደብተር ገዝቷል። ስድስት አሳየኝ፤ በአንዱ ሣቅሁ። «አራት ቀረህ» አልሁት።