ከሆሞሻ ወደ አቦል፦ የጋራ ጉዞ ጥሪ

የሆሞሻ እናቶችና አባቶች፣ የአሶሳ መምህራን፣ በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም የምትኖሩ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጆች፣ በዚህች ምድር ላይ አብረን የምናድር ሁሉ! የምንጠራችሁ ለጉዞ ነው። መንገዱ 196 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። መንገደኞቹ ልጆቻችን ናቸው። ስንቅ አዘጋጅተን የምንሸኛቸው ደግሞ እኛ ነን።

መድረሻው ባዕድ አገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከመቶ የሚበልጡ አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ የሚገኘው፣ በመዝገብ ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ ነው። ወገኖቻችን ኮከቡን «ቡና»፣ የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» አሉት። ስሞቹ ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ለዓለም ተነገሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን ማምጠቂያ ተነሥታ ምሕዋሯን ያዘች። በዚያች አንድ ሳምንት ውስጥ ሰማይ ላይ ስምም ዐይንም አገኘን።

አቦል ሰው ቤት የሚሠራበት ዓለም አይደለም። ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው፤ ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ከቡና ተነሥቶ ዛሬ ወደ እኛ የሚደርሰው ብርሃን መንገድ የጀመረው አገራችን በዘመነ መሳፍንት ተከፋፍላ በነበረችበት ጊዜ ነው። በሰው እጅ የተሠራ መንኮራኩር እዚያ አልደረሰም፤ በእኛ ዕድሜም አይደርስም። ልጆቻችን ግን ሊደርሱበት የሚችሉት መንገድ አለ፤ እሱም ከኮምፒውተር ፊት ይጀምራል።

ሩቅ ሰማይን በኮምፒውተር መጓዝ ምን ማለት እንደሆነ ያሳዩን ሰዎች አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ «ኢሊት ዴንጀረስ» የተሰኘ የጠፈር ጨዋታ አወጣ። ፍኖተ ሐሊብን በሙሉ ስፋቷ፣ በ400 ቢሊዮን የኮከብ ሥርዓቶቿ ለተጫዋቾች ከፈተላቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የረገጠው ኢምንት ነው። ተጫዋቾቹ በራሳቸው ፈቃድ ተሰባስበው «ዲስታንት ወርልድስ» የሚባል ታላቅ ጉዞ አዘጋጁ። ሁለተኛው ጉዞ በጥር 2011 ዓ.ም. ሲጀመር ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከየአገሩ ተመዘገቡ። ከፀሐይ ሰፈር ተነሥተው ፍኖተ ሐሊብን እስከ ማዶው ዳር አቋርጠው፣ ከ65 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ወደሚገኘው ቢግል ፖይንት ለወራት ተጓዙ።

ቢግል ፖይንት ብቻቸውን የደረሱ ሰዎች ቀድሞም ነበሩ። የጋራው ጉዞ ግን ለብቻው ተጓዥ የማይቻለውን ቻለ። መንገድ ላይ፣ በኦሜጋ ኔቡላ፣ ብዙዎቹ የጠፈር መርከባቸውን አቁመው ማዕድን ቆፈሩ፤ የቆፈሩትንም አዋጡ። በዚያ መዋጮ በፍኖተ ሐሊብ እምብርት አጠገብ፣ ከፀሐይ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ «ኤክስፕሎረርስ አንከሬጅ» የተባለ ማረፊያ ጣቢያ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንገደኛ በዚያ ጨለማ ውስጥ መርከቡን የሚጠግንበት፣ ያየውንም የሚያስመዘግብበት ቤት አገኘ። የገነቡት ሰዎች ደግሞ ያንን መንገደኛ አያውቁትም።

የጉዞው ሕግም ልብ ይነካል። መርከቧ ነዳጅ የምትቀዳው ከኮከብ ነው፤ ከማንኛውም ኮከብ ግን አይደለም። ነዳጅ የሚሰጡት የታወቁ ሰባት ዐይነት ኮከቦች ናቸው። ሳያስተውል ከኮከብ ወደ ኮከብ የዘለለ ሰው በባዶ ታንክ ሰው በሌለበት ይቀራል። ለዚህም «ፉዌል ራትስ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ተደራጅተዋል። ሌት ከቀን ተራ ይዘው ይጠብቃሉ፤ የወደቀ ሲጠራቸው የማያውቁትን ሰው ለማዳን ነዳጅ ጭነው ይሄዳሉ፤ ዋጋ አይጠይቁም። ሌላም ሕግ አለ። ተጓዡ ያገኘውን አዲስ ኮከብ ወደ ጣቢያ ተመልሶ እስካላስረከበ ድረስ ግኝቱ አይቆጠርለትም፤ መርከቡ ከጠፋች ያየው ሁሉ አብሯት ይጠፋል። ሲያስረክብ ግን የመጀመሪያ አግኚው ስም ከኮከቡ ጋር ይቀራል፤ ኋላ የሚመጡት ሁሉ ያነቡታል።

ይህን ስንሰማ ራሳችንን እንጠይቅ፤ እኛስ ያየነውን ለማን አስረክበናል? ከሆሞሻ ተነሥተው በአሶሳ፣ በጅማ፣ በአዲስ አበባ የተማሩ ብዙ ናቸው። ያዩትን ይዘው የተመለሱስ? ተመልሰው ለታናናሾቻቸው ያካፈሉስ?

«ጨዋታ ነው፤ ለልጅ ጨዋታ ምን ይረባዋል?» የሚል ወላጅ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ልጆች ከትምህርትና ከሥራ ርቀው ስክሪን ላይ እንዲያፈጡ አንጠይቅም። «ኢሊት ዴንጀረስ»ም ገንዘብ፣ ጠንካራ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ የቀለለ ነገር ነው። «ሴለስቲያ» የሚባል፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚታደል ሶፍትዌር አለ። ከመቶ ሺህ በላይ እውነተኛ ኮከቦች በየቦታቸው ተሰክተውበታል። በፍላሽ ተገልብጦ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ልጁ የቡናን የመዝገብ ስም፣ ኤችዲን ከነቁጥሩ፣ በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ «ጂ» የምትለዋን ቁልፍ ይጫናል፤ ፀሐይን ወደ ኋላ ትቶ ይበርራል። ቡና ደርሶ ወደ ኋላ ዞር ሲል ፀሐያችንን ፈልጎ ማግኘት ይቸገራል፤ ከዚያ ርቀት በባዶ ዐይን አትታይምና። ያች የጠፋች ነጥብ የሆሞሻን፣ የአሶሳን፣ የካርቱምን፣ የዓለምን ሕዝብ ሁሉ አንድ ላይ እንደያዘች ልጁ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ከዚያ ወጥቶ እውነተኛውን ሰማይ ያይ። በዚህ እኛ ከብዙ ዓለም እንበልጣለን። ሆሞሻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜኑ ኮከብ በአንድ ወገን ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታየናል፤ በግንቦት ምሽት የደቡብ መስቀል በሌላው ወገን ይቆምልናል። የአውሮፓ ልጅ የደቡቡን አያይም፤ የአውስትራሊያ ልጅ የሰሜኑን አያይም። የእኛ ልጅ በዓመት ውስጥ ሰማይን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያያል። በመጋቢት መጨረሻ ከንጋት በፊት የተነሣ ሰው የፍኖተ ሐሊብ እምብርት በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ያገኘዋል። በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደግሞ ቡና በሰሜን ሰማይ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል። በባዶ ዐይን አይታይም፤ መለስተኛ ባይኖኩላር ግን ይበቃዋል። ትልልቅ ከተሞች በመብራት ብዛት ይህን ሰማይ አጥተውታል። እኛ ጋ አለ።

ታዲያ ማን ምን ያዋጣ? በርታዎች ዋዛን እንዴት እንደሚነፉ የሰማ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ዋዛ ከቅል ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ነፊው ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ያለውም የራሱን፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ሲኖሩ ነው። አንዱ ቢቀር ዜማው ይጎድላል። የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ከእያንዳንዳችን አንድ ድምፅ።

መምህር ሆይ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ስጠን። የሰማይ ክበብ መሥርት። ሴቶች ልጆችን አስቀድመህ መዝግብ፤ የመጀመሪያዋን መርከብ ሴት ልጅ ትንዳ።

በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወጣቶች፣ ሶፍትዌሩን ገልብጣችሁ አምጡልን፤ ተቀምጣችሁም አሳዩ። የፊዚክስ ቀመር በሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት ፕላኔት በኮከብ ዙሪያ ሲዞር ያየ ልጅ ትምህርቱን አይረሳውም።

ነጋዴዎች፣ ከሱቃችሁ የፀሐይ ኃይል ፓነልና ባትሪ ስጡን። ከማንጎውና ከወርቁ ገቢ ያገኛችሁም፣ ከበረከቱ ለልጆቹ ክበብ አካፍሉ። በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖች፣ ቀይራችሁ ያስቀመጣችሁት ላፕቶፕ፣ በመሳቢያ የተረሳው ባይኖኩላር እዚህ አገልግሎት ይጠብቀዋል።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ለአንድ ምሽት ልቀቁልን፤ አብራችሁም ኑ። እናንተ ሽማግሌዎች ደግሞ ማንም የማይተካው ድርሻ አላችሁ። ጨረቃን ጠብቃችሁ ጾምና ዒድ የምታበስሩ፣ የዝናቡን መምጫ በሰማይ ምልክት የምታውቁ፣ ኮከቦቹን በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ የምትጠሩ፣ ለልጆቹ ንገሯቸው። ልጆቹ በበርትኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ይጻፉት። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ የለም፤ ካልተረከብነው ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። የክበቡ የመጀመሪያ ግኝት እሱ ይሁን፤ የነጋሪውም ስም ከግኝቱ አጠገብ ይጻፍ።

በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የሚኖሩ ልጆችም የዚህ ጉዞ መንገደኞች ናቸው። ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኮንጎ የመጡት እነዚህ ልጆች የሚያዩት ሰማይ እኛ የምናየው ነው። በመርከቡ ውስጥ ቦታ እንስጣቸው። ከጦርነት የሸሸ ልጅ ስለ ሩቅ መንገድ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል፤ የሚያስተምረንም ይኖራል።

አቅም የለንም አንበል። በዚሁ ክልል፣ በጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ዓለም አይቶታል። ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛ መምህር፣ በስልክ መልእክት ብር ያዋጣ ተማሪ፣ ከጉሊቷ ቀንሳ የሰጠች እናት በዚያ ኮንክሪት ውስጥ አሉ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት «ለድሃ አገር ጠፈር ምኗ ነው?» ያሉ ነበሩ። ጥቂት ሰዎች ግን አልተዉትም፤ በእንጦጦ ራስ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። ከፋ ውስጥ ቦንጋ የተወለዱት ዶክተር ቅጣው እጅጉም በአሜሪካ በናሳ የመንኮራኩር መሐንዲስ ሆነው ሠርተዋል። ቦንጋም እንደ ሆሞሻ ከመዲናዋ የራቀች ናት።

ስለዚህ እንነሣ። ሥራው ትንሽ በትንሽ ይጀመር፤ በዚህ ወር ክበቡ ይቋቋም፤ በሚቀጥለው ኮምፒውተሩ ይምጣ፤ በታኅሣሥ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰብስበን ቡናን በባይኖኩላር እንፈልገው። ለመጀመር አንድ መምህር፣ አንድ ኮምፒውተርና አሥር ልጆች ይበቃሉ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና የምታዋጡትን በየአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት ለርእሰ መምህሩ አስመዝግቡ። ዕቃ የሌላችሁ ጊዜያችሁን አስመዝግቡ፤ ጊዜ የሌላችሁ ልጃችሁን ላኩልን።