ሳይወልዱ ስም ማውጣት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ልማድ ለልጅ ስም የሚያወጣለት ወላጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። አንድ መንገደኛ በደጅ ሲያልፍ ሕፃኑን አይቶ «ይህ ልጅ በእኔ ጌታ ስም ይጠራ» ቢል፥ እንኳን ሊሰሙት ውሻ ይለቁበታል። ታዲያ በሰው ምድር ላይ ይህን ያደረጉትን መንገደኞች «ታላላቅ አሳሾች» እያልን በአክብሮት የምናነሣቸው ስለ ምን ይሆን?

ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን በ1858 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ነጭ ዓባይ ከሚወጣበት ሐይቅ ደረሰ። ያየው የደቡቡን ዳር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ዙሪያውን ሳያውቅ በንግሥቱ ስም «ቪክቶሪያ» አለው። በሰሜኑ ዳር የሚኖሩት ባጋንዳዎች ናሉባሌ ይሉት ነበር። ቤከርም በ1864 ዓ.ም. ሌላውን ሐይቅ በንግሥቲቱ ባል ስም «አልበርት» ብሎ ሰየመው፤ ሰውዬው ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር! የአገሩ ሰዎች ምዊታንዚጌ ይሉታል፤ አንበጣ ገዳይ ማለት ነው። የአንበጣን ክፋት የሚያውቅ ሕዝብ ያወጣው ስም ነው። አልበርት የሚለው ስም ስለ ውሃው ምን ይነግረናል? ስታንሊ ደግሞ በ1889 ዓ.ም. ሦስተኛውን ሐይቅ በልጃቸው በኤድዋርድ ስም ጠራው። እናት፥ አባትና ልጅ ሐይቆቹን በዓይናቸው አላዩም።

«ስም ምን ይጐዳል፤ ውሃው ያው ውሃ ነው» የሚሉ አሉ። ስም ከንቱ ከሆነ ሰዎቹ ስለ ምን ደከሙበት? ስሙ የወጣው ለባላገሩ ጆሮ ሳይሆን ለለንደን ጆሮ ነው። ለጌታ የተላከ እጅ መንሻ ነበር፤ እጅ መንሻ ግን ሰው ከገዛ ጐተራው ይሰፍራል እንጂ ከጐረቤቱ አይዘግንም። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ቡጋንዳ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ናት ተባለ። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ፤ አጥሩ የተነቀነቀው ስሙ የተለወጠ ዕለት ነው።

የኮንጎው የባሰ ነው። ስታንሊ በ1881 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ያቋቋመውን ጣቢያ ስለ ቤልጅጉ ንጉሥ ክብር ሌዎፖልድቪል አለው። ሌዎፖልድ ከ1885 እስከ 1908 ዓ.ም. ያን ሰፊ አገር እንደ ግል ርስቱ ሲገዛ፥ ጐማ አጐደላችሁ እየተባለ የሰው እጅ ይቈረጥ ነበር። እርሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ኮንጎን አልረገጠም። ከተማይቱ ግን እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ስሙን ተሸክማ ኖረች፤ ያን ጊዜ ኪንሻሳ ተባለች።

እኔን ይልቁን የሚያሳዝነኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ኪንሻሳን የአገር ስም የሰጣት ሞቡቱ፥ አልበርት ሐይቅን «ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ» አለው እንጂ ምዊታንዚጌ አላለውም። ኢዲ አሚንም በ1973 ዓ.ም. የኤድዋርድን ሐይቅ በራሱ ስም አስጠራው። እንግሊዞቹስ በጌቶቻቸው ስም ነበር የሰየሙት፤ እነዚህ ግን ለራሳቸው እጅ ነሡ። አሚን በ1979፥ ሞቡቱ በ1997 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ስማቸውም ከካርታው ተፋቀ። በቦታው ተመልሶ የተጻፈው ግን አልበርትና ኤድዋርድ ነው።